ሁለት ጊዜ ብቻ የጠራሁት ስም

ጡረታ የሚወጣን ሰው የማያመሰግን የለም፤ ቢያንስ በሽኝቱ ቀን። ጓንት አለቀ፣ አልኮል አለቀ እያልኩ ስጮህበት ጆሮውን ደፍኖ የኖረው የግምጃ ቤቱ ሰውዬ እንኳን ብድግ ብሎ “ሲስተር ጥሩነሽ እናታችን ናት” ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ቆረስን። ከዚያ አብረውኝ የሠሩት ወጣት ነርሶች ከበቡኝና አንዷ፣ “ሲስተር፣ ይሄን ሁሉ ዓመት የሰው ጭንቀት ሲሰሙ የራስዎን እንዴት ቻሉት?” ብላ ጠየቀችኝ። “በጸሎትና በሽሮ” አልኳት። ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። በዚያው ሰሞን እዚሁ ቦንጋ ስለ ስሜት ጤንነት ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር። አሠልጣኙ ልጅ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ እያበራ፣ በጥልቀት መተንፈስ፣ በእግር መንቀሳቀስ፣ በቂ እንቅልፍ መተኛት፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር ማውራት እያለ ዘረዘረልን። ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔም የአእምሮ ጤና ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስመክር የኖርኩት ይህንኑ ነው። የመጨረሻውን ግን ራሴ አላደረግሁትም። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ነገር ለማንም ሳልናገር ኖርኩ፤ ያ ነገርም ዝም ብሎ አልተቀመጠልኝም። ለወጣቶቹ ነርሶች ያልመለስኩት መልስ ይኸው ነው።

ትውልዴ ጅማ ነው። የመጀመሪያ ምደባዬ ጫካ መሐል ያለችው ዋጫ ስትሆን አልቅሼ ነው የሄድኩት። ጉሙ እስከ ረፋድ ድረስ መንገዱን አይለቅም። ከጉሙ ውስጥ የጉሬዛ ድምፅ ይመጣል፤ ለማያውቀው ሰው ጫካው ራሱ የሚያጉረመርም ነው የሚመስለው። ደመወዙን ተዉት። ኃላፊያችን ሪፖርት በሦስት ኮፒ ካልደረሰው እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር፤ በሽተኛ ቢሞት ያዝናል፣ ሪፖርት ቢዘገይ ይታመማል። ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ኃይሌ ናቸው።

ጋሽ ኃይሌ የድሮ ጤና ረዳት፣ የዚያው አካባቢ ተወላጅ ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንቴ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ በመጋረጃው በኩል ስም ስጠራ አንድም ሰው አልመለሰልኝም። ወጥቼ ሳይ አግዳሚው ሙሉ ነው፣ ሁሉም ያየኛል። “እነዚህ ሰዎች አይሰሙም እንዴ?” ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ኃይሌ በክንዴ ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

“ልጄ፣ እዚህ አገር ጠሪውን ሳያዩ አቤት አይባልም” አሉኝ። “ጫካ ውስጥ ስም የሚጠራ ነገር አለ ይላሉ። እሱ ሁለት ጊዜ ይጠራል፣ ሦስተኛ አይደግምም። ስለዚህ ሰው ሦስተኛውን ይጠብቃል። አንቺ መጋረጃ ውስጥ ሆነሽ ሁለት ጊዜ ጠርተሽ ዝም ካልሽ፣ ማን መሆንሽን በምን ይወቁ?”

“እርስዎ ያምኑበታል?”

“እኔ የማምነው ሰውዬው አሞት እዚህ ድረስ መምጣቱን ነው” አሉ።

እሳቸው ራሳቸው ስም ጠርተው አያውቁም። ካርዱን ይዘው ይነሳሉ፣ አግዳሚው ድረስ ይሄዳሉ፣ የሰውየውን ትከሻ ነካ አድርገው “ና እስቲ ወንድሜ” ይላሉ። ቀኑን ሙሉ ሲነሱና ሲቀመጡ ይውላሉ። የደም ግፊት መለኪያውን ክንድ ላይ ያስሩና ይለካሉ፣ ቁጥሩን ይጽፋሉ፣ ግን አይፈቱትም። አየሩ ወጥቶ ጨርቁ ላላ ብሎ እንዳለ እጃቸውን ከላዩ ያሳርፉና “እንቅልፍስ?” ይላሉ። ከዚያ ዝም።

ይህች ትንሽ ብልሃት ከትምህርት ቤት ከያዝኩት ሁሉ ትበልጣለች። በኛ አገር ሰው ተጨንቄአለሁ ብሎ ጤና ጣቢያ አይመጣም። ልቤን ይወጋኛል፣ ራሴን ይዞኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል ነው የሚለው። ጨርቁ እስካልተፈታ ድረስ ምርመራው አላለቀም ብሎ ስለሚያስብ ቁጭ ይላል፣ ቁጭ ሲል ደግሞ የሆዱን ያወጣዋል። በራስ ምታት ስድስት ጊዜ የተመላለሰ አንድ መምህር በሰባተኛው፣ ጨርቁ ክንዱ ላይ እንዳለ፣ ስለ ሞተ ወንድሙ ሲናገርና እንባው ጉልበቱ ላይ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰላም ለማለት ብቻ ነበር።

ማታ ማታ ከመውጣታቸው በፊት ጋሽ ኃይሌ ጋውናቸውን ከጓሮው ቧንቧ ስር ራሳቸው ያጥባሉ። እያጠቡም በዕለቱ የከበዳቸውን ነገር ለኔ ወይም ለጽዳት ሠራተኛዋ ያወራሉ፤ የሰው ስም አይጠሩም፣ የራሳቸውን ስሜት ነው የሚያወሩት። “ዛሬ ፈርቼ ነበር” ይላሉ፣ “ዛሬ ተናድጄ ነበር” ይላሉ። ትልቅ ሰው ፈርቼ ነበር ሲል የሰማሁት ያኔ ነው። እኔ ጋውኔን ለሠራተኛ እሰጥ ነበር፣ የከበደኝንም ይዤ እተኛ ነበር። ጎበዝ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ከሺሺንዳ ወዲያ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ስሙን አልጽፍም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። ተመላላሽ ክፍሉን ብቻዬን ነው የምይዘው። ወርቂቱ የመጣችው እዚያ ነው።

ሠላሳ ያልሞላት፣ የገበሬ ሚስት፣ የአንዲት ልጅ እናት ነበረች። ሁለተኛ ልጇ ጡት ሳይጥል ሞቶባታል። “ልቤ ላይ የሚቀመጥ አለ” አለችኝ፣ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘኋት። በሁለተኛው ስትመጣ ግን የጋሽ ኃይሌን አደረግሁ፤ ጨርቁን ሳልፈታ እንቅልፏን ጠየቅኋት።

“ይጠራኛል” አለች። አማርኛዋ ከአገሩ ቋንቋ ከካፊኖኖ እየተሻገረ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። “ቡና ስር አረም ሳርም ይጠራኛል። ሁለት ጊዜ።”

“አንቺስ?”

“አልመልስም። ግን ደክሞኛል ሲስተር። አለመመለስ ይደክማል።”

እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፍ ላይ ስም አለው፣ መድኃኒትም አለው፣ ወደ ሆስፒታል መላክም አለ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ልልካት ወስኜ ነበር። በሦስተኛው መጣች፣ ጨርቁን አሰርኩ፣ ፊቴን ትክ ብላ አየችው።

“አሁን እኔን ብቻ አይደለም ሲስተር። አንቺንም ይጠራል።”

ሳቅ አልኩ። “ሲስተር እያለ?”

“አይ። ጥሩነሽ ይላል።”

በዚያ ግቢ ስሜን ያለ ሲስተር የሚጠራ ሰው አልነበረም። ሲስተር ብቻ ነው የምባለው፤ ብዙዎቹ ስሜን አያውቁትም። እሷ ማንበብ አትችልም። የሆነ ቦታ ሰምታ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩ፣ አሁንም እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ግን ጨርቁን ቶሎ ፈታሁት። የሆስፒታሉን ወረቀት ሳልጽፍላት፣ ለሚቀጥለው የገበያ ቀን ነይ ብዬ አስወጣኋት።

በሳምንቱ መሐል፣ በቀትር፣ መርፌ ክፍል ውስጥ ብቻዬን የቁስል ጎዝ ሳጣጥፍ “ጥሩነሽ” የሚል ሰማሁ፤ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከጫካው በኩል። ሁለት ጊዜ። ከዚያ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር። ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

የገበያው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ከሌላ ቀበሌ በመጡ ገበያተኞች ሙሉ ነው። የመጋረጃውን ጫፍ ገለጥ አድርጌ ሳይ ወርቂቱ በመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ሌላ ምን ትነግረኝ ይሆን? ተራዋ ሲደርስ ካርዷን አነሳሁና ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ “ወርቂቱ” አልኩ። ትንሽ ቆይቼ “ወርቂቱ” አልኩ። አንገቷን ቀና አድርጋ ሦስተኛውን ስትጠብቅ በመጋረጃው ጫፍ አየኋት። ሦስተኛውን አልጠራሁም። ካርዷ ላይ “ተጠርታ አልቀረበችም” ብዬ ጻፍኩ። የሚቀጥለውን ሰው ግን ሦስት ጊዜ ጠራሁት።

ይህን ረሳሁት፣ ሥራ በዛብኝ ብዬ ላልፈው እችል ነበር። ልማዱን ባላውቅ ኖሮ ይሻል ነበር። እያወቅሁ፣ ልማዳቸውን በራሳቸው ላይ መዝጊያ አደረግሁት። እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጣ ተነስታ ሄደች፤ ቤቷ አልደረሰችም።

ቀበሌው ወጥቶ ፈለጋት። በሦስተኛው ቀን እኔም ከአማቷ ጋር፣ ከባሏ አባት ማለቴ ነው፣ በጫካው ቡና ውስጥ ገባሁ። ጉሙ ስላልተነሳ ከአሥር እርምጃ ወዲያ አይታይም። ሽማግሌው ጉሮሯቸው ዘግቶ ስለነበር የምጠራው እኔ ነበርኩ። “ወርቂቱ” አልኩ። ደገምኩ። ሦስተኛውን ጠራሁ።

“አቤት” የሚል መልስ መጣ።

ቅርብ ነው። የጠፋ ሰው ድምፅ አይደለም፤ እጁ ሥራ ላይ ያለ ሰው ቀና ሳይል እንደሚመልሰው ነው። ሽማግሌው ቀጥ አሉ።

“የገደል ማሚቶ ነው” አልኩ።

“የገደል ማሚቶ የጠራሽውን ይመልሳል እንጂ አቤት አይልም” አሉኝ።

ቁጥቋጦውን እየጣስን ወደዚያው ሄድን። ሰው የለም። አንድ የቡና ዛፍ ስር መሬቱ ዙሪያውን ታርሟል። የተነቀለው አረም ክምር ላይ አለ፣ ገና አልጠወለገም። በዙሪያው ያለው ቁጥቋጦ አልተነካም፣ የሰው መግቢያም የለውም። ቦታው የማንም ማሳ አልነበረም። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አረሙን በእጃቸው ዳሰሱና “ሰው ሁሉ ወደዚህ ይምጣ” አሉ።

መጀመሪያ የደረሰው ባሏ አሰፋ ነው። ከፖሊስ ጣቢያ መመለሱ ነበር፣ ፊቱ ተለውጧል።

“ጤና ጣቢያ አልደረሰችም” አለ። “ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ ፖሊሱ አሳየኝ። ታምሜአለሁ እያለች የምትመላለሰው ወደ ሌላ ነው። እኛ እዚህ ጫካ ውስጥ እንጮሃለን።” ከዚያ ወደኔ ዞረ። “አይደለም እንዴ ሲስተር?”

መጥታ ነበር ማለት ሁለት ቃል ነው። ካልኩ ለምን አልገባችም ይሉኛል። ለምን አልገባችም ካሉኝ የማልመልሰው ነገር አለ።

“መዝገቡ ላይ ያለው ነው” አልኩ።

ከኋላው የደረሱት ፈላጊዎች አንድ በአንድ ገጀራቸውን እያነሱ ወደ መንገዱ ወረዱ። እስከ ማታ ድረስ ከአንድ ነጋዴ ጋር ወደ ሚዛን ከተማ ሄዳለች የሚል ወሬ ሺሺንዳ ገብቶ ነበር። ሽማግሌው ብቻ እዚያው ዛፍ ስር ቆመው ቀሩ፣ እኔም ትቻቸው ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ስሜ ይጠራል። ሁልጊዜ በቀን ነው፣ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው፤ ቧንቧ ስር እጄን ስታጠብ፣ ሚኒባስ ስጠብቅ። ዝውውር ጠይቄ ቦንጋ ገባሁ፣ እዚህም ከባጃጁ ጩኸት መሐል ጠራኝ። የሙያው ሰው ነኝ፤ ጥፋት ያለበት ሰው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን ሊሰማ እንደሚችል ጠንቅቄ አውቃለሁ። ማወቄ ድምፁን አላስቀረልኝም። የአእምሮ ጤና ሥልጠና ወስጄ ክፍሉን ተረከብኩ። ከዚያ ወዲህ የበሽተኛ ስም ጠርቼ አላውቅም፣ ተነስቼ አግዳሚው ድረስ እሄዳለሁ። ለዚህ ሁለት ጊዜ ምስጋና ተሰጥቶኛል፤ ትሕትና መስሏቸው ነው።

አንድ ቅዳሜ ልነግራቸው ቆርጬ ዋጫ ጋሽ ኃይሌ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል። የድሮውን የግፊት መለኪያ ከሳጥን አስወጥተው ክንዴ ላይ አሰሩት፣ ለኩኝ፣ አልፈቱትም። እጃቸው ከላዩ አለ።

“እንቅልፍስ?”

አፌን ከፈትኩ። ያኔ ከቤቱ ጀርባ፣ ከእንሰቱ በኩል፣ ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠራ። ጋሽ ኃይሌ ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ።

“እንግዳ ይዘሽ ነው የመጣሽው?” አሉኝ።

“ብቻዬን ነኝ።”

እጃቸውን ከጨርቁ ሳያነሱ ወደኔ ዞሩ። “ደህና ነኝ ጋሽ ኃይሌ፣ እንቅልፌም ደህና ነው” አልኳቸው። ጨርቁን ቀስ ብለው ፈቱት። በሚቀጥለው ክረምት አረፉ፤ ለቅሷቸው ላይ እንደኔ ያለቀሰ አልነበረም። ያለቀስኩት ለሳቸው ብቻ አልነበረም።

ጡረታ ልወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣች። ካርዱ ላይ “ምሕረት አሰፋ” ይላል፣ የትውልድ ቀበሌዋም የወርቂቱ ነው። ካርዱን ይዤ ወጥቼ ትከሻዋን ነካሁ። ጨርቁን አሰርኩላት። እንቅልፏን ጠየቅኋት።

“አልተኛም” አለች። “ክፍል ውስጥ መምህር ስም ሲጠራ አቤት ማለት ያቅተኛል። ጓደኞቼ ኩራተኛ ይሉኛል። ሰው ሲወደኝ ደግሞ እርቃለሁ። እናቴ ትታኝ ከነጋዴ ጋር የሄደች ናት። እኔም የሷ ልጅ ነኝ፣ አንድ ቀን እንደዚያው አደርጋለሁ እላለሁ። እሷን የምትመስል ሴት ገበያ ላይ ካየሁ እስክትዞር ድረስ እከተላታለሁ።”

እጄ ጨርቁ ላይ ነበር። አፍሬአለሁ፣ ፈርቼአለሁም። ምስጋናዬ፣ ጡረታዬ፣ ሊደገስልኝ የነበረው ሽኝት በዓይኔ ዞረ። ከዚያ ልጅቷን አየኋት፤ አሥራ አንድ ዓመት የተሸከመችው የኔን ዕዳ ነው። ነገርኳት። መጋረጃውን፣ ሁለቱን ጥሪ፣ ካርዱ ላይ የጻፍኩትን፣ ጫካው ውስጥ ለአባቷ የመለስኩትን፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት።

አልጮኸችም። አልተነሳችም።

“ስለዚህ መጥታ ነበር” አለች።

“መጥታ ነበር።”

“ምን ይዛ ነበር?”

ዓይኔን ጨፈንኩ። ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም፣ ራሴም ጠይቄው አላውቅም። “ጉልበቷ ላይ የልጅ ኮንጎ ጫማ ነበር” አልኳት። “ቀይ። በገመድ የታሰረ። ከገበያው የገዛችው ይመስለኛል።”

“ቀይ?” አለች። “እኔ ሰማያዊ ነበር ያልኳት።”

ከዚያ አለቀሰች። እኔም አላባበልኳትም፣ መብቱም የለኝም። ስትጨርስ ጨርቁን ራሷ ከክንዷ ላይ ፈታችው፣ ስልኳን አወጣች፣ ደወለች፣ በካፊኖኖ ሁለት ሦስት ቃል ተናገረችና ለኔ ዘረጋችልኝ።

“አባቴ ነው። ለሱም ይንገሩልኝ።”

ለአሰፋ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገርኩት። ስጨርስ የሚሰድበኝ መስሎኝ ጠበቅሁ።

“በየት በኩል ወጣች?” አለኝ። “በገበያው በር ነው ወይስ በላይኛው?”

“በላይኛው” አልኩት። “በመስኮት አይቻታለሁ።”

ላይኛው በር በጫካው ውስጥ ወደ ቤታቸው ነው የሚወስደው። በመስመሩ ላይ የዶሮ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ስልኩን ከጆሮው አርቆ፣ ሳይዘጋው፣ ጫካውን እየጣሰ ሊፈልጋት ገጀራውን እንዲያመጡለት ቤት ውስጥ ላሉት ሲናገር ሰማሁት።